ክሩ ላይ፣ ክሩ ውስጥ

መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ያሆዴ፣ ደርሷል። ሰሞኑን ሆሳዕና ውስጥ ባጃጅ ማግኘት ዕድል ነው፤ ከሌሞም ከሚሻም ከጎምቦራም የሚገባው ሰው ቅቤ፣ ሥጋና ልብስ ፍለጋ ላይ ነው። ባለቤቴ ለልጆቹ የበዓል ልብስ ልትገዛ ስትወጣ አስከተለችኝ። የእኔ ድርሻ ዕቃ መሸከምና ዋጋ ሲጠራ ፊትን ማጨፍገግ ነው።

አንዲት ነጋዴ «ንጹሕ ጥጥ ነው፣ እመኚኝ» ብላ የዘረጋችውን ሸሚዝ ባለቤቴ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ መለሰችው። ነጋዴዋ አልተከፋችም። ከውስጥ ስፌቱ አጠገብ ከጨርቁ አንድ ክር መዘዘችና ላይተር ለኮሰችበት። ክሩ እሳቱ ገና ሳይነካው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ተኮማተረ፣ ቀጥሎ ቀለጠና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ቋጠረ። ጥጥ ቢሆን ኖሮ ቦግ ብሎ ይነድና በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ይተው ነበር፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው። «እንግዲህ ትንሽ ቴትሮን ገብቶበታል» አለች ሳትደነግጥ። ትንሽ እንኳ አልነበረም፤ አመድ የሚባል ነገር አላየንም። ዋጋው ግን በዚያው ወረደልን። ተማሪዎቼ የፖሊመርን ትርጉም ሸምድደው ነው ፈተና ላይ የሚጽፉት፤ ይህች ሴት በላይተር የምታሳየውን ቢያዩ ሽምደዳው ባላስፈለጋቸው።

ቴትሮን የምንለው ፖሊስተር ነው። ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ኬሚስቶች በ1941 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ጠየቁበት። ቴይጂንና ቶሬይ የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎች በኋላ ቴትሮን ብለው ሸጡትና ስሙ እኛ ገበያ ድረስ ዘለቀ። ሞጆ ላይ የኢትዮ ጃፓን ፋብሪካ በንጉሡ ዘመን ናይለን ማምረት ከጀመረ ወዲህ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ከማሽን የሚወጣው ጥሬ ክር ግን እንዲሁ ለገላ የሚመች ነገር አይደለም። ጥጥ ከአየር ላይ ብቻ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ናይለን 4 በመቶ ገደማ፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ላብ አይጠጣም፣ የተለመደውን ቀለም አይቀበልም፣ በደረቅ ቀን ሲያወልቁት ይንጣጣል። ሱቅ ውስጥ የምንዳስሰው ልስላሴ፣ የምናየው ቀለም፣ ዝናብ መመለሱ፣ ሁሉም ኋላ በኬሚካል የተሰጠው ጠባይ ነው። የተሰጠ ነገር ደግሞ ይወሰዳል። ማን ይወስደዋል፣ በስንት ጊዜ ይወስደዋል የሚለው ነገር ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።


መስከረም 14

የባለቤቴ ታናሽ እህት ለበዓል ከአዲስ አበባ መጥታለች። የለበሰችው የሺፎን የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ ጥለቱ የታተመ እንጂ ሸማኔ የነካው አይደለም። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ቀሚስ ዋጋ ጠይቆ የተመለሰ ሰው አይፈርድባትም። «ኦሪጅናል ሺፎን ነው» ስትል ዝም አልኩ፤ የበዓል ሰላም ከኬሚስትሪ ይበልጣል።

ጨርቁ ፖሊስተር ቢሆንም በእርግጥ ያምራል፣ ከእጅ ያመልጣል። ይህን ጠባይ የሰጠው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሳሙና የሚያበስሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ያው ሶዳ። ፖሊስተር በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲያልፍ ገጹ ይበላል። ሶዳው ወደ ክሩ እምብርት አይዘልቅም፣ ላይ ላዩን ብቻ ይልጠዋል። ክብደቱ 10 ወይም 20 በመቶ ሲቀንስ ክሩ ይቀጥናል፣ በድርና በማጉ መካከል መላወሻ ቦታ ይፈጠራል፣ ቆርፋዳው ጨርቅ መውደቅና መዘርጋት ይጀምራል። ጥንካሬውም አብሮ ይቀንሳል፤ ሺፎን ሚስማር ሲይዘው የሚያደርገውን ማንም ያውቃል። ይህ ልስላሴ የቱንም ያህል ቢታጠብ አይለቅም፣ ምክንያቱም የተጨመረ ነገር የለም፤ የተቀነሰ ነው።


መስከረም 21

ትልቋ ልጄ ፀጉር ሠሪ ቤት ሹሩባ ተሠራች፤ አንድ ከሰዓት ሙሉ ወሰደ። ዊጉ ተጎንጉኖ ሲያልቅ ፀጉር ሠሪዋ ጫፎቹን ሰብስባ የፈላ ውኃ ያለበት ጆግ ውስጥ ነከረችና በፎጣ ጨመቀቻቸው። ጠመዝማዛው ያዘ፣ በዚያው ጸና።

ዊጉ ካኔካሎን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ካኔካ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ያወጣው፣ አሁን ሌሎችም የሚያስመስሉት። አክሪሎናይትራይል ከቪኒል ክሎራይድ ጋር ተጋምዶ ነው ክሩ የሚሠራው፤ ክሎሪኑ የገባው በአመዛኙ እሳት ቶሎ እንዳይበላው ነው። ራስ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነውና። ትኩስ ውኃው ኬሚካሉን አይነካውም፣ ሞለኪውሎቹን ብቻ ያላላቸዋል፤ ሲቀዘቅዙ በያዙት መልክ ይቀራሉ።

ፀጉር ሠሪዋ ዊጉን ቀድማ በአቼቶ ውኃ ነክራ አሳድራዋለች። ለምን ስላት «ያሳክካል፣ ቅባቱ ሳይለቅ የተሠራባት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ስትመታ ታድራለች» አለች። ፋብሪካው ክሩ እርስ በርሱ እንዳይተሳሰር የቀባው ነገር አለ፤ ውኃው ላይ ነጭ ሆኖ ሲንሳፈፍ ታይቷል። ሴትዮዋ የአሲድና የቤዝ ምዕራፍ አልተማረችም፣ ግን የትኛው ሽፋን መነሳት እንዳለበትና የትኛው ጠባይ መቅረት እንዳለበት ለይታ ታውቃለች።


ጥቅምት 6

የጎረቤታችን ልጅ ትምህርት ቤት ቀይሯል፤ የአዲሱ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ የልጁ ያለፈው ዓመት ሱሪ ደግሞ ግራጫ። እናቱ ከገበያ የቀለም ዱቄት ገዝታ በብረት ድስት ስትቀቅለው ዋለች። ማታ ጠርታ አሳየችኝ። ሱሪው ሰማያዊም ግራጫም አይደለም፤ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰማያዊና ግራጫ ክር ጎን ለጎን ተኝተዋል። «ቲቸር፣ ቀለሙ አታለለኝ?» አለችኝ።

ቀለሙ አላታለላትም። እንዲህ ያለው ጨርቅ ብዙ ጊዜ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ ነው። ጥጡ ቀለሙን ጠጥቷል፣ ፖሊስተሩ በሩን ዘግቷል። ፖሊስተር የሚቀበለው ዲስፐርስ የሚባለውን የቀለም ዓይነት ነው፤ እሱም ቢሆን ደህና አድርጎ ወደ ውስጥ የሚገባው 130 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካ ጨርቁን በታሸገ ግፊት ባለው በርሜል የሚቀቅለው። ሆሳዕና ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላና ከዚያ በላይ ንቅንቅ አይልም፣ ከሥር የፈለገውን ያህል እንጨት ቢማገድ። ግፊት ባለው ድስት እንኳ 120 ላይ መድረስ ጭንቅ ነው፤ ባቄላ የሚበስልበት ድስት ውስጥ ቀለም መጨመርም ሌላ ጣጣ ነው። ባይሆን ሱሪውን ለሥራ ይልበሰው አልኳት። ዲስፐርስ ቀለም አንዴ በሙቀት ገብቶ ሲቀዘቅዝ መውጫው ይዘጋበታልና ግራጫው ዕድሜ ልኩን አይለቅም።

ቀለሙ የተቀቀለበት ውኃ ሲደፋ ሐዋሳ ትዝ አለችኝ፤ ከእኛ አካባቢ ብዙ ሴት ልጆች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርተዋል። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ በጣም ከተነገረለት ነገር አንዱ የፍሳሽ ማጣሪያው ነበር፤ ውኃውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ ነው የተሠራው። ሐይቅ ዳር ለተተከለ ፓርክ ይህ ቅንጦት አይደለም። የክር ጠባይ የሚለወጥበት ቦታ ሁሉ የሚደፋ ውኃ አለ።


ጥቅምት 23፣ ሾኔ

የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ሳምንት ባወጣው መግለጫ ከፈረንጆቹ 2024 መባቻ እስከ ጥቅምት 10 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ 7.3 ሚሊዮን ሰው በወባ መያዙንና 1,157 ሰው መሞቱን አስታውቋል። ሾኔ ላይ ይህን ለማወቅ መግለጫ አያስፈልግም። እህቴ ቤት ስደርስ ባሏ ከአልጋ ከተነሳ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዓይኑ ቢጫ፣ ትከሻው ላይ ጋቢ።

ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት አጥሩ ላይ የተሰጣ ነጭ አጎበር ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ዛሬ አጠብሽው?»

«ጭስ ጠግቦ ነበር። እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው፤ እንግዳው አንተ ነህ» አለች።

«በምን አጠብሽው?»

«በኦሞ ነዋ። ትንሽም በረኪና ጠብ አድርጌበታለሁ፣ እንዲነጣ።»

ጠጋ ብዬ አየሁት። የታችኛው ጠርዝ አልጋው ሥር ሲገባ ሲወጣ ተቦጫጭቋል፤ ሁለት ቦታ በጥቁር ክር ተቋጥሯል። የጣሪያው በኩል ደህና ነው። ከስፌቱ ላይ የተንጠለጠለችው ጨርቅ ጽሑፏ ሊጠፋ ደርሷል፣ ግን 100 ዴኒየር ፖሊስተርና ዴልታሜትሪን የሚለው ይነበባል። አንድ ዴኒየር ማለት 9 ኪሎ ሜትር ክር ተመዝኖ 1 ግራም ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ከዚህ አጎበር የተመዘዘ ክር ከሾኔ ተነስቶ 9 ኪሎ ሜትር ቢዘረጋ የሚመዝነው 100 ግራም ብቻ ነው።

መድኃኒቱ እዚህ ቀጭን ክር ላይ በሙጫ መሰል ሽፋን ተለጥፏል። ፋብሪካው የሚያወጣው መጠን በአንድ ካሬ ሜትር 55 ሚሊ ግራም ነው። የአልጋውን ስፋትና የአጎበሩን ቁመት በስንዝር ለክቼ ሒሳቡን ደብተሬ ጀርባ ላይ ሠራሁት፤ ጨርቁ ሁሉ ቢዘረጋ 13 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር የሚጠለሉበት መድኃኒት ሲሰበሰብ 0.7 ግራም፤ የቡና ማንኪያ ጫፍ አይሞላም። እህቴን የሚያስፈራት ግን የክሩ መበጣጠስ ነው። «ቀዳዳውን እኮ ሰፍቼዋለሁ» ትላለች።

ቀዳዳው ቢሰፋም ሽፋኑ አይሰፋም። ረጅም ዕድሜ ያለው የሚባል አጎበር የዓለም ጤና ድርጅትን መመዘኛ የሚያልፈው በላብራቶሪ 20 ጊዜ ታጥቦ፣ በሰው ቤት ደግሞ 3 ዓመት አገልግሎ ትንኝ መግደሉን ካልተወ ነው። ያ እጥበት ግን በለስላሳ ሳሙና የሚደረግ እጥበት ነው። ዴልታሜትሪን ኮምጣጣ ውኃ ብዙም አይከብደውም፣ አልካላይን ውኃ ግን ይሰነጥቀዋል፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና በረኪና ደግሞ አልካላይን ናቸው። በረኪና ከዚያም አልፎ ያቃጥለዋል። የቀረውን ፀሐይ ትጨርሳለች። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ሥሩ ፓይሬትረም ከሚባለው አበባ ነው፤ ኬንያ ለብዙ ዘመን ያመረተችው አበባ። የአበባው መርዝ ብርሃን ሲያየው በሰዓታት ስለሚፈርስ፣ በእንግሊዝ ሮታምስትድ ምርምር ጣቢያ ማይክል ኤሊየትና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ብርሃን የሚችሉ ዘመዶቹን ሠሩ። መቻሉ ግን እስከ መጨረሻ አይደለም። አጥር ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሰጣ ለመድኃኒቱ ከባድ ነው።


እዚያው፣ ማታ

የእህቴ አማት የድሮውን አስታወሱኝ። «ያኔ እኮ መድኃኒቱን የምንነክረው እኛው ነበርን። ልጁ በሳፋ በጥብጦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ።» ልክ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አጎበሮች ባዶ ጨርቅ ነበሩ፤ በየ6 ወሩ ወይም ሦስት ጊዜ ሲታጠቡ እንደገና መነከር ነበረባቸው። በ1997 እና በ2000 ዓ.ም. መካከል ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ አጎበር በአገሪቱ ሲታደል መንከሩ እየቀረ፣ ፋብሪካው ራሱ ሽፋኑን አድርጎ የሚልከው መጣ። ትልቅ ዕድገት ነው። አንድ ነገር ግን አብሮ ጠፋ፤ በሳፋ የነከረ ሰው መድኃኒቱ በዓይኑ ስላለ የታጠበ አጎበር ባዶ መሆኑን ያውቃል። አሁን ጨርቁ ነጭ ሆኖ መጥቶ ነጭ ሆኖ ይኖራል፣ ምን እንደነበረበት ማን ያያል?

እማማ የሚመዝኑበት የራሳቸው መለኪያ አላቸው። «አዲስ ሲሆን ትኋኑን ይጨርሰዋል። ትኋን ሲመለስ አጎበሩ አርጅቷል ማለት ነው።» የሞኝ አነጋገር አይደለም። እክሉ፣ ትኋኑም ትንኟም መድኃኒቱን እየተላመዱ ስለመጡ፣ የትኋን መመለስ የአጎበሩን ይሁን የትኋኑን ለውጥ መለየት አይቻልም።

እዚህ ቤት «አጎበር ፀሐይ ላይ አይሰጣም» ተብሎ ተነግሯል፤ እህቴ ቃሉን አንድ ሳይቀር ትደግመዋለች። ለምን እንደሆነ ግን የነገራት የለም። እሷ የገመተችው ክሩ እንዳይሰባበር ነው፤ ክሩን ፀሐይ የሚሰብረው ስላልመሰላት ትእዛዙን አቃለለችው። ትእዛዝ ብቻውን ይረሳል፣ ይናቃልም። «መድኃኒቱን ፀሐይ ይበላዋል» የምትል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በሀዲይኛ፣ ሾኔ ላይ ከስንት ፖስተር ትበልጥ ነበር።


ጥቅምት 24፣ ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና

ዱራሜ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ማዳበሪያ ሻጭ አጠገብ ተቀምጬ ቆየሁ፤ ባዶ ማዳበሪያ ማለቴ ነው፣ ከረጢቱ። ድንችና ስንዴ የሚጫነው በሱ ነው፣ ጎጆ የሚከፈለው በሱ ነው፣ በቃጫ ገመድ ፈንታ የሚታሰረውም ከሱ በተፈተለ ገመድ ነው። እንሰት ፍቆ ቃጫ የሚያወጣ ሰው አሁንም አለ፤ ዋጋው ግን ድካሙን አይመልስም።

ሰውዬው ከረጢቶቹን ለሁለት ከፍሎ ዘርግቷል። አንዱን ክምር ጥፍሩን ሰክቶ ሲስበው ጭረቱ በነጭ ዱቄት እየተበተነ በእጁ ቀረ። «ይሄ ፀሐይ የመታው ነው፣ ለሣር ብቻ። ያኛውን ግን ሁለት ክረምት አጥር አድርገኸው አይነቃነቅም» አለኝ። ሁለቱም ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፣ ሽመናቸውም አንድ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ራሱን ከተዉት ፀሐይ በጥቂት ወራት ታደቀዋለች። በጠንካራው ከረጢት ፕላስቲኩ ገና ቀልጦ ሳለ ብርሃን የሚከላከል ኬሚካል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ መጠን ጠብ ተደርጎበታል፤ በሌላው አልተደረገበትም። በዓይን ቢታይ አይለይም፤ ሰውዬው የሚለየው በጥፍሩ ነው።

እዚህ ላይ የእህቴን አጎበር ከሌላ ዓይነት አጎበር ጋር አስተያየሁት። ኦሊሴት የሚባለው፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞ ያወጣውና አሩሻ ታንዛኒያ ውስጥም የሚመረተው አጎበር፣ መድኃኒቱ ክሩ ላይ አልተቀባም፤ ፖሊኢታይሊኑ ገና ቀልጦ ሳለ ፐርሜትሪን አብሮት ይለወሳል፣ ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል። ቅቤ ቆጮ ላይ ሲቀባና አተካና በሚባለው ምግብ ውስጥ አብሮ ሲበስል አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያውን እጅህ ይወስደዋል፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ብቻ ቀስ እያለ ወዝ ያወጣል። ኦሊሴትም እንዲሁ ነው። ገጹ ሲታጠብ ከውስጥ ያለው መድኃኒት ወደ ላይ ይሰርጋል። ግን ጊዜና ሙቀት ይፈልጋል፤ ሲታጠብ የዋለ አጎበር ብርድ አገር ውስጥ ሌሊቱን አይመለስለትም። ፖሊስተር እንዲህ መለወስ አይችልም፣ የሚቀልጠው 260 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መድኃኒቱ እዚያው ይጠፋል። ላዩ ላይ መለጠፉ ከስንፍና አይደለም።


ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው ይላሉ ትልልቆቹ፤ ያ የዓለሙ ወረርሽኝ፣ የእኛንም አገር የፈጀው። ድሮ ሲታጠን ሣርና ቅጠል፣ ጨርቅም ቢሆን ጥጥ ነበር። ዛሬ ከመንገዱ ዳር የተቆለለው ማዳበሪያ፣ የተቀደደ ጃኬት፣ የዊግ ቁራጭ፣ ሶፋ ውስጥ የነበረ ስፖንጅ ነው። ጭሱ ጥቁር፣ ጉሮሮ የሚሰነጥቅ።

የተማርነው ሁሉ እዚህ እሳት ውስጥ ይገለበጣል። ዊጉን ከእሳት የሚጠብቀው ክሎሪን፣ እሳቱ ሲያሸንፈው ሃይድሮጂን ክሎራይድ ሆኖ ይወጣል፤ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ። ልጆቹ በዱላ ያገላብጡታል። ልብሳቸው ደግሞ እሳት ከነካው የሚቀልጥ ፖሊስተር ነው፤ ጥጥ ሲቃጠል አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሻማና ከሰል ባለበት ቤት ሕፃናት ከእሳት ይራቁ እያልኩ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው። እሳት የሚቋቋም ፖሊስተር አለ፤ ፎስፎረስ ያለበት ሞለኪውል ከሰንሰለቱ ጋር ተሰፍቶ ይሠራል። እኛ ገበያ ግን እንዲህ ያለ የልጅ ልብስ አይቼ አላውቅም።


ታኅሣሥ 26

ከደቡብ አፍሪካ ሰው መግባት ጀምሯል። ሆሳዕና ውስጥ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ እዚያ የሌለ ቤት መፈለግ ያደክማል። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ከጆሃንስበርግ የላከልኝ ጃኬት ትናንት ደረሰኝ፤ ጥቁር፣ ቀላል፣ ውኃ የማያስገባ። ልጆቼ ወዲያው በጆግ ውኃ ሞከሩት። ጠብታው ክብ ሆኖ ተንከባለለ፣ ጨርቁን ሳያረጥብ ወረደ።

ጨርቁ ናይለን ነው፤ ናይለን በራሱ ውኃ አይመልስም። ላዩ ላይ ያለው የፍሎሪን ሽፋን ነው ውኃም ዘይትም የሚገፋው። ከብዙ እጥበት በኋላ ጠብታው መንከባለሉን ይተውና ይሰርጋል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ጃኬቱ ሞተ ብሎ ይጥለዋል፤ ለስለስ ባለ ካውያ ቢያሞቀው ግን የተኙት ሞለኪውሎች ተመልሰው ይቆሙና ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል። ልብስ ማለስለሻ ውኃ ከሆነ የነካው ይብስበታል፤ ማለስለሻው ራሱ ክሩ ላይ የሚጋደም ሌላ ሽፋን ነው።

የፍሎሪኑ ነገር ግን ደስ አይልም። ኬሚካሉ ከጨርቁ ይለቃል እንጂ አይፈርስም፤ በአፈርና በውኃ ዘመናት ይኖራል። ከዚህ ቤተሰብ አንዱን፣ ፒኤፍኦኤ የሚባለውን፣ የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች በ2019 እ.ኤ.አ. በሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ አስገብተውታል። ከአጎበሩ ጋር ሳስተያየው ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም፤ ቶሎ እንዳይፈርስ የምንመኘው መድኃኒት በኦሞና በፀሐይ ይፈርሳል፣ ቢፈርስ ደስ የሚለን የዝናብ ሽፋን አልፈርስም ይላል። ጃኬቱን ግን እለብሰዋለሁ፤ የሆሳዕና ብርድ ስምምነት አይፈርምም።


ጥር 15

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ዘርግቼ ውኃ አንጠባጠብንባቸው፤ ጥጥ፣ ባዶ ፖሊስተርና የአሮጌ ጃንጥላ ቁራጭ። ጥጡ ጠጣ፣ ፖሊስተሩ አመነታ፣ ጃንጥላው ገፋ። ስለ አጎበርም አወራን። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አነሳች።

«ቲቸር፣ ትንኟ መድኃኒቱን ከለመደች ሽፋኑ ቀረ አልቀረ ምን ያደርግልናል?»

ጥያቄው ጠንካራ ነው። ትንኝ ሁለት ዋና ዋና መላ አበጅታለች። አንዷ መድኃኒቱ የሚይዘውን የነርቭ በር ትቀይራለች፤ ሌላዋ በሰውነቷ ውስጥ መድኃኒቱን የሚሰነጥቅ ኢንዛይም ታበዛለች። ለሁለተኛዋ መልስ ተገኝቷል፤ ፒፔሮኒል ቡቶክሳይድ የሚባል፣ በአጭሩ ፒቢኦ፣ ራሱ እምብዛም የማይገድል ነገር ግን ያንን ኢንዛይም የሚያስር ኬሚካል አጎበሩ ላይ ይጨመራል። እንዲህ ያሉ አጎበሮች ወደ አገራችንም ገብተዋል። መጥፎው ዜና፣ ፒቢኦው ከዋናው መድኃኒት ቀድሞ ነው ከክሩ የሚለቀው። ስለዚህ አዲሱ አጎበር ከድሮው የባሰ ጠንቃቃ እጥበት ይፈልጋል። ሌላም አለ፤ ግማሽ መጠን የቀረው አጎበር ደካማዋን ትንኝ ገድሎ ጠንካራዋን ይተዋታል፣ እሷም ትወልዳለች። መረቡ ራሱ ያልተቀደደ እስከሆነ ድረስ መድኃኒት ባይኖረውም ይከልላል፤ ያን ደግሞ የለመደች ትንኝ የለችም። ልጅቷ የመጨረሻውን ጻፈችው፣ የፊተኛውን እያሰበችበት ነው መሰለኝ።

ማታ እህቴ ደወለች። አዲስ አጎበር አግኝተዋል። ከስፌቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እንድታነብልኝ ጠየቅኋት፤ እንግሊዝኛው ረቂቅ ነው፣ ልጇ ባትሪ አበራላት። ፒ፣ ቢ፣ ኦ የሚል አለው። ከከረጢቱ አውጥታ አንድ ቀን ጥላ ላይ እንድታናፍሰው፣ ሲቆሽሽ በገላ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ሳታሽ እንድታጥበው፣ እዚያው ቤት ውስጥ እንድታደርቀው ነገርኳት። ፀሐይ መድኃኒቱን ይበላዋል አልኳት፤ «አሁን ገባኝ» አለች።

አሮጌውን ምን ላድርገው ስትል መስኮቱ ላይና ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት ክፍተት ላይ እንድትመታው፣ ቢላቴ ወንዝ ለሚወርዱ ልጆች ለዓሣ ማጥመጃ ብቻ እንዳትሰጥ አልኳት፤ ለሰው ብዙም የማይከፋው ይህ መድኃኒት ዓሣ ላይ ጨካኝ ነው። እጣቢውንም ወደ ወንዙ በሚወርደው ቦይ ውስጥ እንዳትደፋው፣ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ እንድታፈሰው መከርኳት።

«ጉድጓዱን አንተው መጥተህ ቆፍር» ብላ ስልኩን ዘጋችው።